ንጉሥ ኻሊድ ቢን ዐብዱልዓዚዝ፦ በተቆለፈ በር ውስጥ ያለ ልጅ የማን አደራ ነው?

ከኢትዮጵያ ወደ ሪያድ የመጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ መጀመሪያ የሚያርፈው በንጉሥ ኻሊድ ስም በተሰየመው ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ስማቸውን ሁሉም ያነሣዋል፤ የሕይወት ታሪካቸውን የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የሳዑዲ ዐረቢያ አራተኛው ንጉሥ የነበሩት ኻሊድ ቢን ዐብዱልዓዚዝ ኣል ሱዑድ (አላህ ይዘንላቸው) ከማርች 1975 እስከ ጁን 1982 እ.ኤ.አ. ገዝተዋል። ዘመናቸው አዘውትሮ የሚወሳው በነዳጅ ሀብት፣ በአዳዲስ የኢንዱስትሪ ከተሞችና በሪያድ ፈጣን ዕድገት ነው። በዚያው ዘመን ግን ለየብቻ የሚተረኩ ሁለት ሌሎች ነገሮች ተፈጽመዋል። አንደኛው፣ ጥፋት ፈጽመዋል ተብለው የሚያዙ ልጆች ከዐዋቂዎች እስር ቤት ተለይተው የሚጠበቁባቸው ቤቶች በመንግሥት ደንብ መጽናታቸው ነው። ሁለተኛው፣ በሚናና በሪያድ የደረሱ ሁለት ታላላቅ ቃጠሎዎች ለአደጋ አስቀድሞ አለመዘጋጀት የሚያስከፍለውን ዋጋ ማሳየታቸው ነው። ሁለቱ ጉዳዮች አብረው ሲታዩ ዛሬም መልስ የሚሻ ጥያቄ ያስነሣሉ። መንግሥት በር ዘግቶ በሚጠብቀው ልጅ ላይ እሳት ቢነሣ ወይም ወረርሽኝ ቢገባ በሩን የሚከፍተው ማን ነው? ከተከፈተስ በኋላ ልጁ የት ይወሰዳል?

በጭቃ ግንብ የታጠረችው ከተማ

ኻሊድ የተወለዱት በፌብሩዋሪ 1913 እ.ኤ.አ. በሪያድ ነው። አባታቸው ዐብዱልዓዚዝ ቢን ዐብዱረሕማን ከተማዋን በ1902 መልሰው ከያዙ 11 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ መንግሥታቸው ግን ገና በምሥረታ ላይ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ሪያድ በጭቃ ግንብ የታጠረች፣ ዙሪያዋን የተምር እርሻዎች ያለበሷት ትንሽ ከተማ ነበረች። ዘመናዊ ሆስፒታልም ሆነ የተደራጀ የእሳት አደጋ ቡድን አልነበራትም። ችግር ሲመጣ ሰው የሚተማመነው በጎረቤቱ፣ በጎሣው ከሁሉም በላይ ደግሞ በአላህ ነበር።

የልዑሉ እናት አልጀውሃራ ቢንት ሙሳዒድ ቢን ጂሉዊ ነበሩ። ኻሊድና ታላቅ ወንድማቸው ሙሐመድ ከእኚሁ እናት የተወለዱ የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልዑሉ ገና የስድስት ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ ኢትዮጵያውያን የኅዳር በሽታ ብለው የሚያስታውሱት ወረርሽኝ ነጅድን መታ። በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖችን የጨረሰው ይህ የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ከሪያድም ብዙ ነፍስ ወሰደ። የነጅድ ሰዎች ያንን ዓመት የምሕረት ዓመት ብለው ሰየሙት፤ ሙታን ስለ በዙበት ለእነርሱ ምሕረት መለመን የየዕለቱ ነገር ሆኖ ነበርና። በ1919 ከሞቱት መካከል የንጉሥ ዐብዱልዓዚዝ የበኩር ልጅ ቱርኪና የኻሊድ እናት ይገኙበታል።

በሽታው ቤተ መንግሥትን ከጎጆ ሳይለይ የገባ ቢሆንም፣ ያለ መድኃኒትና ያለ ሐኪም የተገኘች ከተማን እንዴት አድርጎ እንደሚጎዳ በዚያ ዓመት በግልጽ ታየ። እናቱን በወረርሽኝ ያጣው ልጅ ከ56 ዓመት በኋላ የአገሪቱ ንጉሥ በሆነ ጊዜ፣ የሪያድ ታላላቅ ሆስፒታሎች የሚመረቁበት ዘመን ደርሶ ነበር።

ከበረሃ እስከ ጣኢፍ ውል

ኻሊድ እንደ ዘመኑ ልጆች ቁርኣን በመቅራት ትምህርታቸውን ጀመሩ። ፈረስ መጋለብን፣ ግመል ማርባትንና በጭልፊት ማደንን የተማሩት ከበረሃው ሕዝብ ነው። ይህ ፍቅር እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ አልተለያቸውም፤ ከነገሡ በኋላም ከከተማ ወጥተው በድንኳን ሰንብተው የጎሣ ሰዎችን ማነጋገር ያዘወትሩ ነበር። ከበዱዊኖች ጋር የነበራቸው ቅርበት የሰውን ችግር ከራሱ ከባለ ችግሩ አፍ የመስማት ልማድ አስተማራቸው።

የመንግሥት ሥራ የጀመሩት በወጣትነታቸው ነው። ወንድማቸው ፈይሰል በውጭ ጉዳይ ሥራ በሚጠመዱበት ጊዜ በሒጃዝ ተተክተው አገልግለዋል። በ1934 በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን መካከል ጦርነት ተነሥቶ ወደ ሰላም ድርድር በተዞረ ጊዜ የሳዑዲን ወገን ወክለው የተቀመጡት ኻሊድ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሜይ ወር ላይ የጣኢፍን የሰላም ውል ሲፈርሙ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበሩ። በ1939 ከፈይሰል ጋር ለፍልስጤም ጉዳይ ጉባኤ ወደ ለንደን፣ በ1943 ደግሞ ወደ አሜሪካ ተጓዙ።

በ1962 የምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ተሰጣቸው። ታላቅ ወንድማቸው ሙሐመድ የአልጋ ወራሽነቱን ስፍራ በፈቃዳቸው በመተዋቸው በማርች 1965 አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የልብ ሕመም ያዛቸው። በ1972 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በ1978 በንግሥና ላይ ሳሉ ወደዚያው ተመልሰው ዳግመኛ ታከሙ።

የ1395 ዓመተ ሂጅራ

ማርች 25 ቀን 1975 ንጉሥ ፈይሰል በሪያድ በተተኮሰባቸው ጥይት ሕይወታቸው አለፈ። ኻሊድ በዚያው ዕለት ነገሡ፤ በሂጅራ አቈጣጠር ዓመቱ 1395 ነበር። አገሪቱ በድንጋጤ ውስጥ ብትሆንም የሥልጣን ሽግግሩ ሳይናወጥ ተፈጸመ። አዲሱ ንጉሥ የመንግሥትን የዕለት ተዕለት አስተዳደር በአብዛኛው ለአልጋ ወራሹ ለፈህድ ሰጥተው፣ እሳቸው የመጨረሻውን ውሳኔና ከሕዝብ ጋር የሚገናኙበትን መጅሊስ ያዙ። በንግሥናቸው መጀመሪያ ላይ ለፖለቲካ እስረኞች ምሕረት ማድረጋቸው በመልካም ይነሣላቸዋል።

ያ ዓመት የታላላቅ ውጥኖች ዓመት ነበር። ከ1975 እስከ 1980 የሚዘልቀው ሁለተኛው የአምስት ዓመት የልማት ዕቅድ ሥራ ላይ ዋለ። ጁበይልንና የንቡዕን የኢንዱስትሪ ከተማ የሚያደርገው ንጉሣዊ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ካቢኔው እንደ አዲስ ተዋቅሮ አዳዲስ ሚኒስቴሮች ተጨመሩ። ሪያድም ከጭቃ ግንቧ ወጥታ በየአቅጣጫው ተዘረጋች። የገጠሩ ሰው ወደ ከተማ ጎረፈ፤ ከውጭ አገርም ሠራተኛ በብዛት ገባ።

ከተማ እንዲህ ሲያድግ የቤተሰብና የጎሣ ቁጥጥር ይላላል። በበረሃ መንደር አንድ ልጅ ቢያጠፋ አጎቱ ወይም የሰፈሩ ሽማግሌ ያርመዋል። በትልቅ ከተማ ግን ፖሊስ ይይዘዋል። ፖሊስ የያዘው ልጅ ወዴት ይወሰዳል የሚለው ጥያቄ በዚያን ጊዜ የነዳጅ ገንዘብን ያህል ባይነገርለትም ክብደቱ ቀላል አልነበረም።

መከታተል እንጂ ማሰር ያልሆነው ቤት

በሪያድ ለልጆች የተለየ የማኅበራዊ ክትትል ቤት በንጉሥ ፈይሰል የመጨረሻ ዓመታት ሥራ ጀምሮ ነበር። ለቤቶቹ ሙሉ የመተዳደሪያ ደንብ የወጣላቸው ግን ንጉሥ ኻሊድ ከነገሡ ሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ጁማደል ኡላ 13 ቀን 1395 ሂጅራ በቁጥር 611 ባሳለፈው ውሳኔ ደንቡን አጸደቀ። በዚያው ዓመት ለሴት ልጆች እንክብካቤ ተቋምም ደንብ ወጣ። በእርግጥ ደንቦቹ በባለሙያዎችና በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሲዘጋጁ የቆዩ የብዙ እጆች ሥራ ናቸው፤ የጸኑትና በአገሪቱ የተስፋፉት ግን በንጉሥ ኻሊድ ዘመን ነው።

ስያሜው ራሱ መልእክት አለው። ቤቶቹ በዐረብኛ ዳር አል ሙላሐዛ ይባላሉ። ሙላሐዛ መመልከት፣ በቅርብ መከታተል ማለት ነው። አካለ መጠን ያልደረሰው ልጅ እዚያ ሲገባ ከዐዋቂ ወንጀለኛ ጋር አይቀላቀልም። ምርመራውም ሆነ የቃዲው ችሎት በዚያው ቤት ውስጥ እንዲካሄድ ተደረገ፤ ልጁ በካቴና ታስሮ በሰው መካከል እንዳይመላለስ ነው። ቤቶቹ የተሰጡትም ለማኅበራዊ ጉዳዮች መሥሪያ ቤት እንጂ ለእስር ቤቶች አስተዳደር አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1398 ሂጅራ የእስርና የማቆያ ሕግ በንጉሣዊ ድንጋጌ ወጣ፤ የዐዋቂዎችም አያያዝ በዚህ ሕግ ተደነገገ።

ሐሳቡ ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሸሪዓ ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱ እንደ ዐዋቂ አይቆጠርም። ስለ ታሳሪ አያያዝም የቀደመ አብነት አለ። በመዲና ገዥ፣ ኋላም በ99 ሂጅራ ኸሊፋ የሆኑት ዑመር ቢን ዐብዱልዓዚዝ (አላህ ይዘንላቸው) ለሹማምንቶቻቸው በጻፏቸው ትእዛዛት ታሳሪ ቆሞ መስገድ እስኪያቅተው ድረስ እንዳይታሰር፣ ዘመድና ገንዘብ የሌለው በሽተኛ እንዲጠየቅ፣ ሴቶች ለብቻ እንዲጠበቁ፣ በዕዳ የተያዘ ከወንበዴ ጋር እንዳይቀመጥ፣ እስር ቤቱን የሚጠብቀውም ጉቦ የማይቀበል ታማኝ ሰው እንዲሆን አዘዋል። የነጻነት መብቱን የተነፈገ ሰው ለራሱ ማድረግ የማይችለውን ሁሉ ያሰረው አካል ሊያደርግለት ይገባል የሚለው መርህ እንግዲህ ከ13 መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ልጁን ከዐዋቂ መለየት ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የተለየው ቤትም ቢሆን በር አለው፤ በሩም ቁልፍ አለው። ቁልፉን የያዘው ሰው በክፉ ሰዓት ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ካልተማረ በቀን የተሠራው መልካም ሥራ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። በዚያው ዘመን በአገሪቱ የደረሱ ሁለት አደጋዎች የተከሰቱት በሌላ ስፍራ ቢሆንም ይህንኑ አስተምረዋል።

ሁለት ቃጠሎዎች

የመጀመሪያው የደረሰው በዚያው በ1395 ሂጅራ፣ በዙልሒጃ ወር ነው። ዲሴምበር 12 ቀን 1975 በሚና የሐጅ ድንኳኖች መካከል የጋዝ ሲሊንደር ፈነዳ። የዚያን ጊዜው ድንኳን የሚቀጣጠል ጨርቅ ነበር፤ ድንኳኖቹም ተጠጋግተው ተተክለው ስለ ነበር እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት ዘለለ። 200 ያህል ሑጃጆች ሞቱ። የአላህን ቤት ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ማብሰያ ጋዝ ባስነሣው እሳት ማለቃቸው አገሩን በሙሉ አሳዘነ።

ሁለተኛው የደረሰው በሪያድ ከተማ ነው። ኦገስት 19 ቀን 1980 ምሽት የሳዑዲ ዐረቢያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 163 ከካራቺ መጥቶ፣ በሪያድ አርፎ፣ ወደ ጅዳ ለመሄድ ተነሣ። ብዙም ሳይርቅ በዕቃ መጫኛው ክፍል ውስጥ ጭስ መታየቱ ታወቀና ወደ ሪያድ ተመለሰ። አብራሪዎቹ ትሪስታሩን አውሮፕላን በቀድሞው የሪያድ አውሮፕላን ማረፊያ በሰላም አሳረፉት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው በሕይወት ሊተርፍ የሚችልበት ዕድል ነበር።

አውሮፕላኑ ግን ወዲያው አልቆመም። በማኰብኰቢያው ላይ መንገዱን ቀጥሎ፣ ከዋናው መስመር ወጥቶ ከቆመም በኋላ ሞተሮቹ ለደቂቃዎች ሳይጠፉ ቆዩ። ሞተር እየሠራ ሰው ማውረድ አይቻልም። መንገደኞቹ ወዲያው እንዲወጡ አልተደረገም፤ ከውስጥም አንድ በር እንኳ አልተከፈተም። የነፍስ አድን ሠራተኞች ደርሰው ነበር፤ ሆኖም በሩን ከውጭ ለመክፈት የሚያስፈልገው ሥልጠናና መሣሪያ በበቂ አልነበራቸውም። በሩ የተከፈተው ሞተሮቹ ከጠፉ 23 ደቂቃ ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 301 ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ በሙሉ አለቁ።

ይህ አደጋ በዓለም የአቪየሽን ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚጠናው በምክንያት ነው። ሰዎቹ የሞቱት አውሮፕላኑ ተከስክሶ አይደለም። መሬት ላይ ቆመው፣ ረዳቶቻቸው ከበሩ ማዶ ቆመው ሳሉ ነው የሞቱት። የእሳት ማጥፊያ ተሽከርካሪ ነበረ፤ ሰውም ነበረ። ማን ውጡ ብሎ እንደሚያዝ፣ ሞተሩ መቼ እንደሚጠፋ፣ በሩ ከውጭ እንዴት እንደሚከፈት አስቀድሞ ተጠንቶ እጅ እስኪለምደው ድረስ መለማመዱ ግን አልነበረም። ከዚያ በኋላ የአደጋ ጊዜ ሥልጠናና የአሠራር ሥርዓት ተሻሻለ።

የሚና ትምህርት ሥር እስኪሰድ የወሰደው ጊዜ ደግሞ ረዘም ያለ ነበር። በአፕሪል 1997 በዚያው በሚና ሌላ ታላቅ ቃጠሎ ተነሥቶ 343 ሑጃጆች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው እሳት የማይዛቸው ድንኳኖች ሸለቆውን የሸፈኑት፤ በድንኳን ውስጥ በጋዝ ማብሰልም ተከለከለ። በሁለቱ ቃጠሎዎች መካከል ከ21 ዓመት በላይ አለፈ። ከአደጋ የተገኘ ትምህርት በቶሎ ወደ ሥራ ካልተለወጠ ሌላ አደጋ መጥቶ ዳግመኛ እንደሚያስተምር ይህ ሁሌም የሚታወስ ምስክር ነው።

ሕመምተኛው ንጉሥ

በ1400 ሂጅራ መባቻ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1979፣ የታጠቁ ሰዎች የመካን ሐረም መስጂድ በያዙ ጊዜ የንጉሥ ኻሊድ መንግሥት ከባዱን ፈተና ገጠመው። ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ አበቃ። በጃንዋሪ 1981 ንጉሡ የእስላማዊ አገራት መሪዎችን በመካና በጣኢፍ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ በዚያው ዓመት የባሕረ ሰላጤው የትብብር ምክር ቤት ተመሠረተ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የልብ ሕመማቸው አልተዋቸውም ነበር። በሚጓዙበት ቦይንግ 747 አውሮፕላን ውስጥ የቀዶ ሕክምና መስጫ ክፍል እስከ መዘጋጀት ተደርሶ ነበር። ልባቸው በጉዞ መካከል ቢታወክ ሐኪሙና መሣሪያው ከጎናቸው እንዲገኙ ነው። ነገሩ ለአንድ ንጉሥ የተደረገ ልዩ ዝግጅት ቢሆንም በውስጡ ያለው ጥበብ ለማንም ይሠራል። ድንገተኛ ነገር የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም፤ ስለዚህ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ በስፍራው መገኘት አለበት። ንጉሥ ይህን የሚያደርግለት አያጣም። ተቆልፎበት የሚያድር የ14 ዓመት ልጅ ግን የአደጋ መውጫውን በር ራሱ ሊያሠራ አይችልም፤ መድኃኒቱን ራሱ ሊያስቀምጥ፣ ለእናቱ ራሱ ሊደውል አይችልም። የእርሱ ዝግጅት በሙሉ በጠባቂው እጅ ነው።

ንጉሥ ኻሊድ ጁን 13 ቀን 1982 በጣኢፍ በልብ ሕመም ዐረፉ። በሐረም መስጂድ ከተሰገደባቸው በኋላ በተወለዱባት በሪያድ፣ በአልዑድ መቃብር፣ እንደ አባታቸውና እንደ ወንድሞቻቸው ያለ ሐውልትና ያለ ጌጥ ተቀበሩ። ሲወለዱ በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ የነበረችው ሪያድ ሲሞቱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ሆና ነበር። የዐይን ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲውና በ1983 የተከፈተው አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራሉ፤ በ2001 በስማቸው የተቋቋመው ድርጅትም በማኅበራዊ ልማት ላይ ይሠራል።

ከእሳቸው በኋላ የተጨመረው

በ1406 ሂጅራ የሲቪል መከላከያ ሕግ ወጣ፤ ሰውንና ንብረትን ከእሳትና ከሌላ አደጋ የመጠበቁ ሥራ በዚህ ሕግ ተደራጀ። ሳዑዲ ዐረቢያ በ1996 የልጆች መብት ስምምነትን ተቀበለች። በ1439 ሂጅራ (2018) ደግሞ የታዳጊዎች ሕግ በንጉሣዊ ድንጋጌ ጸደቀ። በዚህ ሕግ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ 18 ዓመት ያልሞላውም በተለየ ሥርዓት ይዳኛል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በበኩሉ ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለውን ልጅ ከተጠያቂነት ነጻ ሲያደርግ፣ እስከ 15 ዓመት ላሉት የተለየ አያያዝ ይደነግጋል። አንቀጾቹ ይለያዩ እንጂ ሁለቱም ልጅን እንደ ልጅ የሚያዩ ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዲሴምበር 1990 ያጸደቃቸው የሀቫና ደንቦች የሚባሉት መመሪያዎች ስለ አደጋ በግልጽ ይናገራሉ። የልጆች ማቆያ ሲሠራ የእሳት አደጋን በሚቀንስና በሰላም ለመውጣት በሚያስችል መንገድ እንዲሠራ፣ የሚሰማ የማስጠንቀቂያ ደወል እንዲኖረው፣ ከአደጋ የመውጣት ሥርዓቱ በወረቀት ተጽፎ ብቻ ሳይቀር በልምምድ እንዲታወቅ ያዝዛሉ። ልጁ ሲገባ፣ ሲዛወርና ሲወጣ ለወላጁ ሳይዘገይ እንዲነገርም ያሳስባሉ።

ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የቅርብ ዓመታትን ታሪክ ይመልከት። በሜይ 2009 በጃማይካ አርማዴል በተባለ የልጆች ማረሚያ በተነሣ እሳት በተጨናነቀና መስኮቱ በብረት በታጠረ ክፍል ውስጥ የነበሩ ሰባት ልጃገረዶች ሞቱ። ማርች 8 ቀን 2017 በጓቲማላ መንግሥት በሚያስተዳድረው የልጆች ማቆያ፣ ጠፍተው ከተያዙ በኋላ በአንድ ክፍል የተቆለፈባቸው ልጃገረዶች በቃጠሎ ተያዙ፤ ፖሊሶች ከበሩ ውጭ ነበሩ፤ በሩ ግን በጊዜ አልተከፈተም፤ 41 ልጆች አለቁ። በሪያድ በ1980 የሆነውና በጓቲማላ በ2017 የሆነው በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ስፍራ ረዳቱና ሟቹ የተለያዩት በአንድ በር ብቻ ነበር።

ለዚህ የሚበጀው ዝግጅት ውድ አይደለም፤ ሳይቋረጥ የሚደረግ ትጋት ግን ይጠይቃል። የመኝታ ክፍል ሁሉ ሁለተኛ ቁልፍ በሌላ ተረኛ እጅ ሊኖር ይገባል፤ አንዱ ጠባቂ በጭስ ቢወድቅ ሌላው እንዲከፍት። ቁልፎቹ በጨለማ በእጅ ዳሰሳ የሚለዩ ይሁኑ። የሌሊት ተረኞች ቁጥር ከቀኑ እጅግ ያነሰ እንዳይሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ያደሩ ልጆች ስምም ከሕንፃው ውጭ በሌላ ስፍራ ተጽፎ እንዲገኝ ያስፈልጋል፤ ከእሳት በኋላ ስንት ልጅ እንደ ጎደለ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፍራሽና መጋረጃ ቶሎ የማይቀጣጠል ይሁን። ልምምዱ በቀን ብቻ ሳይሆን በሌሊትም ይደረግ፤ ልጅ ከእንቅልፉ ሲነቃ ግራ ይጋባልና። ሕንፃው ቢጠፋ ልጆቹ የሚወሰዱበት ስፍራ አስቀድሞ ይታወቅ፤ በችኮላ ከዐዋቂ እስረኞች ጋር ከተቀላቀሉ ከእሳት የዳኑት ልጆች ሌላ ጉዳት ይደርስባቸዋል። የሚጥል በሽታ፣ የስኳር ሕመም ወይም አስም ያለበት ልጅ መድኃኒቱ አብሮት ይውጣ።

ሪያድ ዛሬ የብዙ ቋንቋዎች ከተማ ናት። በማቆያ ቤት ከሚያድሩት መካከል ዐረብኛ በደንብ የማይሰማ ልጅ ሊኖር ይችላል። ለእርሱ የደወሉ ድምፅ ምን ማለት እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሮጥ በገባበት ቀን በሚያውቀው ቋንቋ፣ ካልሆነም በሥዕል ሊነገረው ይገባል። የእኛም ቤተሰቦች ድርሻ አላቸው። ልጁ የተያዘበት ወላጅ በኀፍረት ቤቱን ዘግቶ መቀመጥ አይበጀውም። ልጁ የት ቤት እንዳለ ማወቅ፣ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ማስመዝገብ፣ ሕመሙንና የሚወስደውን መድኃኒት ለኃላፊዎቹ መንገር፣ ቁጥሩ ሲቀየርም ወዲያው ማሳወቅ የወላጅ ግዴታ ነው። በአደጋ ሌሊት ለማን እንደሚደወል የሚታወቀው አስቀድሞ በተሰጠ መረጃ ነው።

ንጉሥ ኻሊድ በእናት ሞት የተጀመረውን ልጅነት ተሻግረው፣ ሁለት ታላላቅ ቃጠሎዎች ባሳዘኑት ዘመን አገር መርተው፣ ለአጥፊ ልጆች የተለየ ቤት በደንብ የጸናበትን ጊዜ አይተው አልፈዋል። ያ ደንብ ልጁን ከዐዋቂው ለየው። በእያንዳንዱ ሌሊት ቁልፉን ተረክቦ የሚያድረው ሰው ደግሞ የደንቡን ቀሪ ግማሽ ይፈጽማል። በሩን የሚዘጋው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ በክፉ ሰዓት የሚከፍተው ግን አስቀድሞ በተለማመደው ልክ ነው። አላህ ለንጉሥ ኻሊድ ምሕረቱን ይስጣቸው፤ አደራ የተቀበሉትንም ሁሉ ለአደራቸው ያብቃቸው።